ከቀይ አፈር እስከ ሴራሚክ፤ የሐረር ቤት ግድግዳ አያያዝ

በአሚር ኑር ዘመን፥ በ16ኛው መቶ ዓመት በታጠረው የጁገል ግንብ ውስጥ የሚገኘው ነባር የሐረሪ ቤት ከመንገድ ሲያዩት ዝምተኛ ነው። ሀብቱም ማዕረጉም ያለው በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሲሆን፥ «ሐሺ» ከሚባለው የአካባቢው ድንጋይ በጭቃ ማያያዣ ይገነባል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ወደ ከተማዋ ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል በቆየ ጊዜ ቤቶቹም ሆኑ ቅጥሩ የተሠሩት በሸካራ ድንጋይና በጭቃ መሆኑን መዝግቧል። በኖራ ስለ መንጣት ሲያነሣ የጠቀሰው የጃሚዕ መስጊድን ሁለት ሚናሮች ነው። ይህ ግን የመኖሪያ ቤቶች ውስጥ ኖራ አይታወቅም ነበር ለማለት አያበቃም፤ እንግዳው ሰው የገባበት ጓዳ እጅግ ጥቂት ነበርና።

ግድግዳውን የሚሠራው ግንበኛ ቢሆንም፥ ጠብቆ የሚያኖረው ባለቤቱ፥ በተለይም እመቤቲቱ ናት። ረመዳን ሲቃረብ ወይም ሠርግ ሲደገስ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶችና ሳሕኖች ይወርዳሉ፤ የተሰነጠቀው ልስን ይፋቃል፤ በተነፋ አፈርና በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ ከደረቀ በኋላ በኖራ ይቀባል። «ነደባ» የሚባሉት አምስቱ ከፍ ያሉ መደቦች ፊታቸው በቀይ አፈር ይቀላል። ቀለሙ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ተብሎ ይነገራል። ቀይ አፈሩ ከጦርነቱ በፊትም ከአካባቢው ምድር ያልጠፋ ነበርና፥ አባባሉ የሚያስረዳው ቀለሙ መቼ እንደ ተጀመረ ሳይሆን ሕዝቡ በኋላ ምን ትርጉም እንደ ሰጠው ነው።

በዚህ ዓመታዊ ሥራ ውስጥ ብዙ ጊዜ ልብ የማይባል አንድ ጥቅም ነበረ። ግድግዳውን በየዓመቱ በእጁ የሚዳስስ ሰው የትኛው ሥፍራ እንደ ረጠበ፥ የትኛው ድንጋይ እንደ ላላ፥ ከአፈሩ ጣሪያ ውኃ የሰረገው በየት በኩል እንደ ሆነ ያውቃል። ኖራ መቀባት ቤትን ማሳመር ብቻ ሳይሆን ቤትን መመርመርም ነበረ። ኖራውና ጭቃው ደግሞ እርጥበትን አምቀው አይዙም፤ ከመሠረቱ የተሳበው ውኃ በእነርሱ በኩል ወጥቶ በነፋስ ይደርቃል።

ሲሚንቶ ወደ አካባቢው የቀረበው በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ ፋብሪካ ሲቋቋም ነው። ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲሚንቶ ልስን የዘመናዊነት ምልክት ሆነ። ውኃው በቧንቧ ወደ ግቢ ሲዘልቅም መታጠቢያ ቤት የሚባል አዲስ ክፍል ተፈጠረ፤ ከዚያም ሴራሚክ ተከተለ። ቀድሞ ውኃ በእንስራ ተቀድቶ፥ ተቆጥቦ የሚፈስበት ቤት ነበርና፥ የግድግዳው ጭቃ ይህን ያህል እርጥበት ይሸከማል ብሎ ያሰበው አልነበረም። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ደርቆ ከተማዋ በውኃ እጥረት በተቸገረችባቸው ዓመታት እንኳ የመታጠቢያ ክፍል ፍላጎት አልቀነሰም።

ችግሩ ያለው ሴራሚኩ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው አካል ላይ ነው። ባለቤቱ ራሱ፥ ወይም በቀን ሠራተኛ ረዳትነት፥ አሮጌውን ኖራ ሳይፍቅ በላዩ ላይ ሲሚንቶ ይለስናል፤ ሴራሚኩንም ይለጥፋል። ሲሚንቶው ጠንካራና የማይላላ፥ ጭቃው ለስላሳና የሚተነፍስ ስለሆነ ሁለቱ አብረው አይኖሩም። በየመጋጠሚያው የገባው ውኃ መውጫ ያጣል፤ ወደ ላይ ይሳባል፤ ጭቃው ይላሽቃል። በመጨረሻም ልስኑ ከነሴራሚኩ በአንድ ላይ ይገነጠላል፤ ከኋላው ያለው ድንጋይም ማያያዣውን አጥቶ ይገኛል። ያ ሁሉ የሚያብለጨልጭ ገጽ ስለሸፈነው፥ እመቤቲቱ በየረመዳኑ ታየው የነበረው ምልክት አስቀድሞ አይታይም።

ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ክርክሩ ይበልጥ ከብዷል። «ቅርስ ነውና ሴራሚክ አይግባበት» የሚለው ወገን፥ ቤቱ ዛሬም ልጆች የሚታጠቡበት መኖሪያ መሆኑን ይዘነጋል። ይልቅስ የሚሻለው ከነባሩ ግድግዳ ጋር ሳይነካካ፥ ለነፋስ ክፍተት የተተወለት ቀጭን የብሎኬት ግድግዳ በራሱ መሠረት ላይ አቁሞ፥ ልስኑንም ሴራሚኩንም በዚያ ላይ መሥራት ነው። ወለሉ ወደ ውኃ መውረጃው በውኃ ልክ ተለክቶ ያዘነብላል፤ ክፍተቱ ከላይና ከታች ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ነባሩ ግድግዳም በጭቃና በኖራ ብቻ ይጠገናል። ወጪው በርከት ይላል፤ ክፍሉም በአንድ ክንድ ያህል ይጠባል። አንድ ቀን ሴራሚኩ መነሣት ቢኖርበት ግን ከኋላው ያለው የሐሺ ድንጋይ እንደ ነበረ ይገኛል።