ጥርስ የሌለው መጋዝ

የዮሐንስን ራእይ ያነበበ ሰው የአዲሲቱ ኢየሩሳሌም ቅጥር መሠረቶች የተጌጡባቸውን የዕንቍ ስሞች ያስታውሳል። ሰንፔሩም መረግዱም ለጆሯችን ቅርብ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ግን ምላሳችን ይደናቀፋል፤ ኬልቄዶን። ለመሆኑ ይህ ምን ዓይነት ድንጋይ ነው? ብለን ሳንጠይቅ ወደሚቀጥለው እናልፋለን። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ሳልፍ ኖሬያለሁ። በኋላ ግን ስለ ሕንድ ድንጋይ ቆራጮች የተጻፈ ነገር ሳነብ ይህንኑ ድንጋይ ከአንድ ሐበሻ ስም ጋር ተጣብቆ አገኘሁትና ታሪኩን ተከትዬ ሄድኩ።

ኬልቄዶን ሰፊ ቤተሰብ ነው። በመስመር በመስመር የተነባበረውን ወገን ፈረንጆች አጌት ይሉታል፤ ዓረቦች ዓቂቅ፤ ጉጃራቶች ደግሞ ከዓረብ ተውሰው አኪክ። ከውጭ ሲያዩት ከመንገድ ዳር ድንጋይ አይለይም፤ ሸካራ፣ ደብዛዛ፣ ጭቃ የነካው ድንች የሚመስል። የሚወለደው ከእሳተ ገሞራ ነው። የቀለጠው ዓለት ሲቀዘቅዝ በውስጡ የአየር አረፋ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ሲሊካ የተሸከመ ውኃ ለረጅም ዘመን ወደዚያ ባዶ ጎድጓዳ እየሰረገ ልጥ በልጥ ላይ ይደርብበታል። ድንጋዩ ለሁለት ሲሰነጠቅ ይህ ሁሉ እንደ ቀይ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ሆኖ ይታያል። ሳይሰነጠቅ ግን በውስጡ ምን እንዳለ ገዢውም ሻጩም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

ችግሩ መሰንጠቁ ነው። አጌት ከብረት ይጠነክራል። የአናጢ መጋዝ ቢያስነኩት ጥርሱ ይረግፋል እንጂ ድንጋዩ ንቅንቅ አይልም። የጥንት ሰዎች ያገኙት መላ በጣም የሚገርም ነው፤ መጋዙን ጥርስ አልባ አደረጉት። ስስ የብረት ዝርግ በድንጋዩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይጎተታል፤ ከሥሩ ኤመሪ የሚባል ከአጌትም የጠነከረ ማዕድን ደቅቆ ከውኃ ጋር ይጨመርበታል። ብረቱ ዱቄቱን ይዞ ይሄዳል፤ የሚቆርጠው ዱቄቱ ነው። ዛሬም ቢሆን መርሑ አልተለወጠም። ዘመናዊው መጋዝ በጠርዙ ላይ የአልማዝ ቅንጣት የተጣበቀበት ስስ ክብ ብረት ሲሆን፣ ውኃ ወይም ዘይት እየነካ ይሽከረከራል። ድንጋዩ በማሰሪያ ተጠፍሮ በዝግታ ይገፋለታል፤ የቸኮለ ሰው ብረቱን ያጣምመዋል። በ1954 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ አልማዝን በፋብሪካ መሥራት ከቻለ በኋላ እንዲህ ያለው መጋዝ ከቤት ሊገባ የሚችል ዕቃ ሆነ። በአሜሪካ ጡረተኛው ከመኪናው ጎን አስቀምጦ ቅዳሜና እሑድ ድንጋይ እየሰነጠቀ ይዝናናበታል።

በሕንድ ጉጃራት፣ በካምባት ከተማ ግን የአጌት ሥራ ከጥንትም የቤት ሥራ ነው፤ መዝናኛ ሆኖ ግን አያውቅም። ዕድሜውም ያስደነግጣል። ከ1955 ጀምሮ ሎታል በተባለችው የጥንት ከተማ በተደረገው ቁፋሮ ከአራት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የጨሌ መሥሪያ ከነምድጃው ተገኝቷል። አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ጆናታን ማርክ ኬኖየርና ባልደረቦቹ ያ የጥንት ጨሌ እንዴት እንደተሠራ ለመረዳት የሄዱት ወደ ካምባት የእጅ ባለሙያዎች ነበር። ባለሙያው ሹል ብረት መሬት ላይ ይተክላል፤ ድንጋዩን ሹሉ ላይ ያስደግፍና ከጎሽ ቀንድ በተሠራ መዶሻ ቀስ እያለ ይፈነክተዋል። ከዚያ በፊት ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በሸክላም ውስጥ ሆኖ በዝግታ በሚነድ እሳት ይጠበሳል። እሳቱ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ብረት ሲያገኘው ደብዛዛው ቀለም ደም ይመስላል።

ይህ ድንጋይ በባሕር ይሄድ ነበር። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ፣ ፔሪፕሉስ፣ የእኛን አዱሊስን የገለጸበት ብዕር ባሪጋዛንም ይገልጻል። ባሪጋዛ የዛሬዋ ባሩች ናት። ወደ ውጭ ከምትልካቸው ሸቀጦች መሐል ከመሐል አገር የሚወርደው ባለ መስመር ድንጋይ ተቆጥሯል። ወደ አዱሊስ ከሕንድ ይመጣ የነበረው ብረትና የጥጥ ጨርቅም በዚያው መጽሐፍ ተመዝግቧል። አንድ ባሕር፣ አንድ የነፋስ ወቅት ነው።

አሁን ወደ ሐበሻው እንምጣ። ከባሩች ብዙም ሳይርቅ ራታንፖር የሚባል ቦታ አለ። አጌቱ የሚቆፈረው በዚያ አካባቢ ነው። ከኮረብታው ላይ የአንድ ወሊይ መቃብር ይገኛል፤ ባባ ጎር ይባላል። በአፍሪካ የዘር ሐረግ የሚኮሩት ሲዲዎች እንደሚተርኩት ባባ ጎር ከሐበሻ አገር በመካ በኩል የመጣ ሰው ነው፤ አንዳንዱ የጦር አለቃ ነበር ይላል፣ አንዳንዱ ነጋዴ። ወንድሙ ባባ ሐበሽ፣ እህቱ ማይ ሚስራ ይባላሉ። በዚያ አገር የነበረችውን ክፉ መንፈስ ወንዶቹ ሳይችሏት ሲቀሩ ድል ያደረገቻት ማይ ሚስራ ናት ይባላል። ድንጋዩን እንዲቆፍሩና እንዲነግዱበት ሕዝቡን ያስተማረ ደግሞ ባባ ጎር ነው። እስላሙም ሂንዱውም ዛሬ ድረስ ስለት ይሳልለታል።

አፈ ታሪክ ነው ብለን እንዳናልፈው የሚያደርግ አንድ ነገር አለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በዚያ ያለፈው ፖርቱጋላዊ ዱዋርቴ ባርቦሳ ሊሞድራ በተባለው መንደር ድንጋዩ ሲቆፈርና በእሳት ሲቀላ ይገልጻል። ኬልቄዶኑን የአገሩ ሰዎች ምን እንደሚሉትም ጽፏል፤ «ባባጎር»። ድንጋዩ የሰውየውን ስም ይዞ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ልባችን ቶሎ እንዳይሞቅ። በሕንድና በዓረብ አፍ «ሐበሻ» የሚለው ስም ከእኛ ተራራ የወጣውን ብቻ ሳይሆን ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በባርነት የተጋዘውንም ይጨምር ነበር። ሲዲዎች ሁሉ የእኛ ናቸው ማለት አይቻልም። ሆኖም ከመሐላቸው ትልቅ ስም የተከሉ ሐበሾች ነበሩ፤ በ1572–73 በአህመዳባድ የተሠራውን፣ መስኮቱ ከድንጋይ እንደ ዳንቴል የተፈለቀቀውን መስጊድ ያሠራው ሲዲ ሰኢድ ከእነዚህ አንዱ ነው።

የካምባት ቤቶች የገቡበት ትልቁ ለውጥ ኤሌክትሪክ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የእጅ መሞረጃው በሞተር በሚዞር ሻካራ ጎማ ተተካ። መሰንጠቂያው መጋዝ ውኃ ስለሚነካው ድንጋዩ ጭቃ ሆኖ ይወርዳል። ቅርጽ የሚያስይዘው ጎማ ግን በደረቁ ይሠራ ነበር፤ ቀዩ ድንጋይ ነጭ ብናኝ ሆኖ ከቆራጩ ፊት ላይ ይነሣል። ይህ ብናኝ ሲሊካ ነው። በሳንባ ውስጥ ሲቀመጥ ሥጋውን ያጠነክረዋል፤ በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚመልስ መድኃኒት የለውም። ለሳንባ ነቀርሳም በር ይከፍታል። ነገሩ ይበልጥ የሚከብደው ሥራው የሚሠራው ሚስት ምግብ በምታበስልበት፣ ልጅ በሚተኛበት ጓዳ መሆኑ ነው። በአህመዳባድ ያለው ብሔራዊ የሙያ ጤና ተቋም ባለሙያዎች ባደረጉት ምርመራ በሽታው በሞተሩ ላይ ተቀምጠው የማያውቁ ጎረቤቶችንም እንደያዘ አሳይተዋል። ብናኙን ከጎማው ሥር የሚስብ መሣሪያም ሠርተው ነበር።

ሕጉስ ምን ይላል? የሕንድ የፋብሪካ ሕግ በ1948 ሲወጣ በሞተር ኃይል የሚሠራ ቦታ ፋብሪካ የሚባለው አሥር ሠራተኛና ከዚያ በላይ ሲኖረው ነው አለ። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አሥር አይሞሉም። ቤቱ ቤት ሆኖ ቀረ፤ ተቆጣጣሪም አይገባበትም። እኔን ያሳዘነኝ ይኸው ነው፤ ከሞቱ ይልቅ የመቁጠሪያው ነገር።

የራታንፖር ሲዲዎችም ቢሆኑ በድንጋዩ አልበለጸጉም። ብዙዎቹ ድሆች ናቸው፤ በወሊዩ በዓል ከበሮ እየመቱ ይጨፍራሉ፤ ትርፉ በሌላ እጅ ያልፋል።

በእኛም አገር በ2008 ወሎ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ወጣቶች ገደል ላይ ተንጠልጥለው ይቆፍራሉ። ኦፓልም የሲሊካ ወገን ነው። ከተቆፈረው ብዙው ጥሬውን ባሕር ተሻግሮ የሚቆረጠው ጃይፑር ነው፤ ከካምባት በስተሰሜን፣ በዚያው በሕንድ። በሞተሩ ላይ ተቀምጦ የወገል ጤናን ድንጋይ የሚሞርደው ሰው ከጎኑ ውኃ ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ ገዢ እስካሁን አላጋጠመኝም።