የግዕዝ ፊደል ወደ ድረ ገጽ የገባበት ታሪክ፤ ለገጽ አዘጋጆች ከሚጠቅም ማስታወሻ ጋራ

ድረ ገጽ ማዘጋጀት ዛሬ የብዙ ሰው ሥራ ሆኗል። ነጋዴው ሸቀጡን፣ ማኅበሩ ደንቡን፣ ተማሪው ጥናቱን ያወጣበታል። ስለ አሠራሩ የሚሰጠው ምክርም ብዙ ነው፤ ምክሩ ከየት እንደ መጣ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ምርመራ ትርፍ ሥራ አይደለም። በ1990ዎቹ በአማርኛ ከወጡት ገጾች መካከል ዛሬ ቢገኙ እንኳ የማይነበቡ አሉ፤ ተመራማሪው ሲከፍታቸው በፊደል ፈንታ የላቲን ሆሄና ልዩ ልዩ ምልክት ተደባልቆ ይታየዋል። ብራናው ሳይበላ፣ ቀለሙ ሳይፈዝ ጽሕፈት እንዴት ሊጠፋ እንደ ቻለ ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፊደላችን ለሌላ ሕዝብ ቋንቋ ከተሠራ መሣሪያ ጋራ ሲገናኝ ይህ የመጀመሪያው ጊዜ አልነበረም። ጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስን በማተሚያ ካወጣ 60 ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ በሮማ ከተማ አሳተመ። ፊደሉንና ቋንቋውን የተማረውም በዚያው በሮማ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ነበር። በማተሚያ ቤት የፊደል ብዛት ወጪ ይጨምራል እንጂ ሥራውን አያግድም፤ ለያንዳንዱ ሆሄ አንድ የእርሳስ ፊደል ይቀረጻል፣ መደርደሪያው ሣጥን ይሰፋል፣ ነገሩ በዚህ ያልቃል። ችግሩ የጠናው የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜ ነው። ጥቂት ዐሥር ቁልፎች ባሉት መኪና ላይ ከ200 የሚበልጥ ፊደል ማስቀመጥ ስለማይቻል፣ እነ ኢንጂነር አያና ብሩ ብዙ ደከሙበት። በአማርኛው መኪና ላይም የፊደሉን ግንድ በአንድ ቁልፍ፣ እግሩን ወይም ቀለበቱን በሌላ ቁልፍ መምታት ተለመደ። የተመታው ጽሕፈት መልኩ ባያምርም በወረቀቱ ላይ የሚታየው አማርኛ ነው። አንባቢው ፊደሉ በስንት ቁልፍ እንደ ተመታ ማወቅ አያስፈልገውም።

በኮምፒዩተር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን እንደ ሥዕል አያስቀምጥም፤ ቍጥር ሰጥቶ ያስቀምጣል። የሚታየው መልክ በኋላ ፎንት ከሚባለው የፊደል መልክ መዝገብ የሚመጣ ነው። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ሁለት አካል አለው ማለት ይቻላል፤ አንዱ የተጻፈው ቍጥር፣ ሁለተኛው ለዓይን የሚታየው መልክ ነው። በ1963 በአሜሪካ የወጣው አስኪ የተባለው የቍጥር ሥርዐት 128 ቦታ ብቻ ነበረው፤ የተደነገገውም ለእንግሊዝኛ ነው። ከዚያ በኋላ ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተሠራው ላቲን 1 የተባለው ሥርዐት ቦታውን ወደ 256 አሰፋው። ከዚህ ውስጥ ለሚታይ ሆሄ የሚተርፈው 200 አይሞላም። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ ሆሄያት፣ አኃዞቹና ሥርዐተ ነጥቦቹ ገና አልተቈጠሩም።

ድረ ገጽ የተወለደው በዚህ ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። በጄኔቭ አጠገብ ባለው ሰርን በተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ቲም በርነርስ ሊ፣ በመጋቢት 1989 ሰነዶችን እርስ በርስ የሚያያይዝ ሥርዐት እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። በ1990 መጨረሻ የመጀመሪያውን ሰርቨርና የመጀመሪያውን የገጽ መመልከቻ ወይም ብራውዘር ሠርቶ አሳየ። ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ድርጅቱ ሥራውን ያለ ክፍያ ለሕዝብ ሁሉ ለቀቀው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሞዛይክ የተባለው ብራውዘር ሥዕልን ከጽሑፍ ጋራ በአንድ ገጽ ማሳየት በመቻሉ ነገሩ በፍጥነት ተስፋፋ። ይሁን እንጂ የእነዚህ ገጾች መሠረታዊ የፊደል ሥርዐት ላቲን 1 ነበር።

በዚያን ጊዜ በአማርኛ ገጽ ማውጣት የፈለጉት ሰዎች አብዛኞቹ በውጭ አገር፣ ይልቁንም በሰሜን አሜሪካ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በአገር ቤት የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በ1997 በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ነው። እነዚህ ሰዎች የተጠቀሙባቸውን ዘዴዎች ስንመረምር ሦስት ሆነው እናገኛቸዋለን።

የመጀመሪያው ጽሑፉን ሥዕል አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ይህ ለማንም ይታያል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። በሴኮንድ 28,800 ቢት በሚያስተላልፍ የስልክ ሞደም 60,000 ባይት የሚመዝን ሥዕል ለማውረድ 17 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። 1,500 ሆሄ ያለው ጽሑፍ በዛሬው አጻጻፍ 4,500 ባይት ቢመዝን፣ በዚያው ሞደም ከአንድ ሴኮንድ ተኩል ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ከዚህም ሌላ ሥዕል የሆነ ጽሑፍ አይፈለግም፣ አይቀዳም፣ ማየት ለተሳነው ሰውም በድምፅ አይነበብለትም።

ሁለተኛው ዘዴ አማርኛን በላቲን ሆሄ መጻፍ ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ሥርዐት በዚህ ረገድ የተመሰገነ ነው። ትንሹን የላቲን «ቲ» ለተ፣ ትልቁን ለጠ፤ ትንሹን «ኤን» ለነ፣ ትልቁን ለኘ መድቦ፣ ከላቲን ወደ ፊደል፣ ከፊደልም ወደ ላቲን ያለ ስሕተት ለመመለስ እንዲቻል አደረገ። ንባቡ ላላመደው ሰው ያስቸግራል። ነገር ግን በዚህ ሥርዐት የተጻፈ ሰነድ ዛሬም ቢሆን ሳይጐድል ወደ ፊደል ሊመለስ ይችላል። በእኔ አስተያየት ከሦስቱ ዘዴዎች ለታሪክ የተሻለው፣ ለዓይን የከፋው ይህ ነው።

ሦስተኛው ዘዴ ለዓይን ያማረ፣ በኋላ ግን ጉዳት ያመጣው ነው። ጸሐፊው በኮምፒዩተሩ ውስጥ የላቲን ሆሄ ቍጥር ያስቀምጣል፤ ፎንቱ ግን በላቲኑ መልክ ፈንታ የግዕዙን መልክ ያሳያል። ይህ የጽሕፈት መኪናው ብልሃት ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር የመጣ ነው። ቦታው ስለማይበቃም አንዳንዱ ፎንት ሠሪ ፊደሉን በሁለት ወይም በሦስት መዝገብ ከፈለው፤ ሌላውም እንደ መኪናው ግንዱንና እግሩን ለየብቻ አደረገ። ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የየራሳቸው ድልድል ነበራቸው፤ ሌሎችም እንዲሁ። ገጽ አውጪውም አንባቢው ገጹን ከማየቱ በፊት የተወሰነውን ፎንት አውርዶ በመኪናው ላይ እንዲጭን በመግቢያው ያሳስብ ነበር። ፎንቱ ያለው ሰው ያነባል፤ የሌለው ሰው ትርጕም የሌለው ምልክት ያያል። ፎንቱ ከገበያ ሲጠፋ ጽሑፉም አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ቀድሞውንም የተቀመጠው አማርኛ አልነበረም፤ አማርኛ መስሎ ይታይ ነበር እንጂ።

የዚህ ሁሉ መፍትሔ የመጣው ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ የቍጥር መዝገብ እንዲኖር በማድረግ ነው። የዜሮክስ ኩባንያ ባልደረባ ጆሴፍ ቤከር በ1988 ዩኒኮድ ብሎ የሰየመውን ሐሳብ በጽሑፍ አቀረበ። በ1992 ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ የተባሉት ሊቃውንት እነዚህን ቍጥሮች በባይት የሚያስቀምጠውን ዩ ቲ ኤፍ 8 የተባለውን ዘዴ ፈጠሩ። በታኅሣሥ 1997 የወጣው የኤች ቲ ኤም ኤል 4 ደንብ ዓለም አቀፉን የፊደል መዝገብ የድረ ገጽ መሠረት አደረገው። የእኛ ፊደል ግን በመዝገቡ ውስጥ ገና አልገባም ነበር፤ የገባው በመስከረም 1999 በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ነው። 345 ሆሄያት፣ አኃዞችና ነጥቦች የየራሳቸው ቍጥር ተሰጣቸው። በ2005 ለሌሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ሆሄያት ገቡ።

መዝገብ መውጣቱ ብቻውን ንባብን አላመጣም። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቪስታ በጥር 2007 ለሕዝብ ሲሸጥ ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ ከውስጡ ይዞ መጣ፤ ዊንዶውስ የሚጠቀም ተራ አንባቢ ሳይጭን ሳያወርድ አማርኛ ማንበብ የጀመረው ከዚህ ወዲህ ነው። በመዝገቡና በንባቡ መካከል ያለፉት ሰባት ዓመታት ቀላል አይደሉም። በእነዚህ ዓመታት ዩኒኮድን የተጠቀመ ገጽ አውጪ፣ በአሮጌው ዘዴ ከጻፈው ይልቅ አንባቢ ያጣ ነበር። ስለዚህ ብዙዎች በአሮጌው ቢቈዩ በስንፍና ልንከሳቸው አይገባም።

ዛሬ ገጽ ለሚያዘጋጅ ሰው የሚሰጠው ምክር ከዚህ ታሪክ የሚወጣ ነው። ጽሑፉ በዩ ቲ ኤፍ 8 ይቀመጥ፤ ይህም በገጹ ራስ ላይ ይመልከት፤ ካልተመለከተ ብራውዘሩ በግምት ሌላ ሥርዐት ሊመርጥ ይችላል። የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑም በዚያው ይገለጽ። ርእስና ማስታወቂያ በሥዕል አይጻፍ። ፎንት ከገጹ ጋራ መላክ ከፈለገ ዎፍ የተባለውን፣ በ2012 በደንብ የጸደቀውን ዓይነት ይጠቀም። ነገር ግን የግዕዝ ፎንት ሆሄው ብዙ ስለሆነ ከላቲኑ ሊከብድ እንደሚችል ያስብ፤ ፎንቱ እስኪደርስም ጽሑፉ በአንባቢው መኪና ባለው ፎንት እንዲታይ ያድርግ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው የጉግል ፎንት በነጻ ይገኛል።

አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ልጨምር። በብዙ ገጽ ላይ አራት ነጥብ የሚጻፈው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ነው። ለዓይን ልዩነቱ አይታይም፤ በመዝገቡ ግን «።» የራሱ ቍጥር አለው። ሁለት ነጥብ የቃል መለያ ስለሆነ፣ ዐረፍተ ነገር የሚቈጥር ፕሮግራም እንዲህ ባለው ጽሑፍ ይሳሳታል። መልክን ከጽሕፈቱ ማስቀደም፣ ማለትም የ1990ዎቹ ልማድ፣ እዚህ ላይ ሳይለቀን ቀርቷል። የሀ፣ የሐና የኀ፣ የሰና የሠ አጻጻፍም በአንድ ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ፈላጊው ፕሮግራም የሚያነጻጽረው ቍጥር ስለሆነ «ሥራ»ን ፈልጎ «ስራ»ን ላያገኝ ይችላል።

የማስተናገጃውም ጉዳይ ታሪክ አለው። የበርነርስ ሊ የመጀመሪያ ሰርቨር በጠረጴዛው ላይ የነበረው ኔክስት የተባለው ኮምፒዩተር ነው፤ ማንም እንዳያጠፋው የሚያስጠነቅቅ ወረቀት በቀይ ቀለም ተጽፎ ተለጥፎበት ነበር። ገጽ ማስተናገድ ማለት እስከ ዛሬ ድረስ ይኸው ነው፤ አንድ መኪና ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ የሚጠብቅበት ቦታ መከራየት። በነጻ የሚሰጥ ቦታ የቱን ያህል እንደሚታመን ጂኦሲቲስ ያስረዳል። በ1994 የተመሠረተው ይህ ነጻ ማስተናገጃ በ1999 በያሁ ተገዛ፤ በጥቅምት 2009 ተዘጋ። በውስጡ ከነበሩት ገጾች የተረፉት፣ ከ1996 ጀምሮ ገጾችን የሚሰበስበው ኢንተርኔት አርካይቭና ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ደርሰው የቀዱላቸው ናቸው። ስለዚህ የዶሜይን ስም በራስ ወይም በማኅበሩ ስም ይመዝገብ እንጂ በሠራተኛው ስም አይመዝገብ፤ የዓመቱ ክፍያ ቀን ይጻፍ፤ የገጹ ሙሉ ቅጂም ከአስተናጋጁ ውጭ ይቀመጥ።

በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ሰነድ በእጁ ያለ ሰው ወደ ዩኒኮድ ሊያዛውረው ይችላል፤ ለዚህ የፎንቱን ድልድል የሚያውቅ መለወጫ ፕሮግራም ያስፈልጋል። አስቀድሞ የፎንቱን ስምና እትም መመዝገብ፣ ፎንቱንም ከሰነዱ ጋራ በአንድ ማኅደር ማኖር ይገባል። ሲለወጥ በብዛት የሚበላሹት ዲቃሎቹ ሆሄያትና ነጥቦቹ ስለሆኑ፣ የወጣው ጽሑፍ በወረቀት ከታተመ ቅጂ ጋራ ይመሳከር። ወረቀት ከሌለ ሰነዱን ራሱ ጸሐፊው፣ በሕይወት ሳለ፣ ቢያነበው ይመረጣል። የመጀመሪያው ሰነድም ከተለወጠ በኋላ አይጣል፤ የመለወጫው ስሕተት ከዓመታት በኋላ ሊገኝ ይችላልና።