ከእንግዳ ማረፊያ እስከ አስታማሚው ጓዳ፦ የሆስፒስ ታሪክ

(በሕዝባዊ ትምህርታዊ ንግግር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ንግግሬ ከሞት በፊት ስላሉት ሳምንታትና ወራት ነው። ሐኪሞች ከዚህ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም ብለው ያሰናበቱት ሕመምተኛ ቤቱ ሲገባ ምን ይጠብቀዋል? ሌሊቱን ሙሉ ራስጌው ተቀምጠው የሚያድሩትን አስታማሚዎቹንስ ማን ይደግፋቸዋል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለመመለስ የተነሣው እንቅስቃሴ ሆስፒስ በሚል ስም ይታወቃል። ስሙን ስንሰማ ብዙዎቻችን ዘንድ የሚታየን ሕንፃ ነው፤ ሰው ለመሞት የሚገባበት ቤት። ታሪኩ ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል። ሆስፒስ ባደገ ቁጥር ከሕንፃ እየተላቀቀ ወደ ቤተሰቡ ጓዳ የገባ የእንክብካቤ ሥርዓት መሆኑን ላሳያችሁ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከቃሉ እንነሣ። የስያሜው ሥር ላቲን ሲሆን፣ «ሆስፔስ» የሚለው ቃል እንግዳውንም እንግዳ ተቀባዩንም በአንድነት ይጠራል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ገዳማት ለተሳላሚዎች፣ ለመንገደኞች፣ ለድኾችና ለሕሙማን የሚከፍቷቸው ማረፊያዎች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ሥር ነው። በአገራችን የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ በር ሲያንኳኳ ከሚጠይቀው መስተንግዶ ጋር አሳቡ ይቀራረባል። በእነዚያ ማረፊያዎች የሚድነውንና የማይድነውን ለይቶ በር የሚዘጋ አልነበረም፤ የገባው ሁሉ እንግዳ ነበርና።

መለያየቱ የመጣው ሕክምና የመፈወስ ኃይሉ እየጨመረ ሲሄድ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብሪታንያ በበጎ አድራጊዎች መዋጮ ይተዳደሩ የነበሩት ሆስፒታሎች የሚድነውን ሕመምተኛ ይመርጡ ነበር። የማይድን በሽታ የያዘውን አለመቀበል በብዙዎቹ ዘንድ የተለመደ ደንብ ሆነ። ሀብታሙ በቤቱ፣ በቤተሰቦቹና በግል ሐኪሙ ተከቦ ይሞታል፤ ድኻው ግን መሄጃ አልነበረውም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ቀድመው ከተነሡት መካከል ሴቶች ጎላ ብለው ይታያሉ። በፈረንሳይ፣ በሊዮን ከተማ፣ ባላቸውንና ልጆቻቸውን በሞት ያጡት ዣን ጋርኒዬ በ1842 በማይድን በሽታ የተያዙ ሴቶችን የሚያስታምም የባልቴቶች ማኅበር መሠረቱ። በአየርላንድ የካቶሊክ መነኮሳይያት በ1879 በደብሊን ለሚሞቱ ሕሙማን ቤት ከፈቱ፤ ይኸው ማኅበር በ1905 በድኾች መኖሪያነቱ በሚታወቀው የለንደን ምሥራቃዊ ክፍል የቅዱስ ዮሴፍ ሆስፒስን አቋቋመ። በዚያችው ከተማ በ1893 የተከፈተውና በቅዱስ ሉቃስ ስም የተሰየመው ቤትም የዚሁ ትውልድ ነው። እነዚህ ቤቶች ለሕመምተኛው ንጹሕ አልጋ፣ ጸሎትና ክብር ሰጥተውታል። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን የሕክምናው ዓለም ከእነርሱ የሚማረው ነገር አለ ብሎ አያስብም ነበር።

ይህን አመለካከት የለወጡት በ1918 በእንግሊዝ አገር የተወለዱት ሲስሊ ሳንደርስ ናቸው። ሳንደርስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በነርስነት ሠለጠኑ፤ የጀርባ ሕመም ከዚያ ሥራ ቢያስወጣቸው በሆስፒታል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሆኑ። በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ዴቪድ ታስማ ከተባለ፣ ከዋርሶ ከመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ ጋር ተዋወቁ። ታስማ በካንሰር ሊሞት የተቃረበ፣ በሰው አገር ያለ ዘመድ የቀረ ሰው ነበር። ሁለቱ እንደ እርሱ ያሉ ሕሙማን በሰላም የሚያርፉበት ቤት ምን ሊመስል እንደሚገባው ደጋግመው ተጨዋወቱ። ታስማ በ1948 ሲሞት 500 ፓውንድ ተናዘዘላቸው፤ ያ ቤት ሲሠራ በመስኮትነት ይታሰብለት ዘንድ። ቤቱ የተከፈተው ከ19 ዓመት በኋላ ነው።

በእነዚያ 19 ዓመታት የሆነው ነገር ለዛሬው ጉዳያችን እጅግ አስፈላጊ ነው። ሳንደርስ በቅዱስ ሉቃስ ቤት በበጎ ፈቃደኝነት ሲያገለግሉ አንድ ነገር አስተዋሉ። በሌሎች ሆስፒታሎች ሞርፊን የሚሰጠው ሕመምተኛው ሥቃዩ ሲጠናበትና ሲለምን ነበር። በቅዱስ ሉቃስ ግን መድኃኒቱ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ሥቃዩ ሳይመለስ በፊት፣ በአፍ ይሰጣል። ሳንደርስ ሕክምና አጥንተው በ1957 ሐኪም ሆኑ፤ ከ1958 ጀምሮም በቅዱስ ዮሴፍ ሆስፒስ ይህንኑ አሠራር በሥራ ላይ እያዋሉ ከ1,000 የሚበልጡ ሕሙማንን ሁኔታ መዘገቡ። መዝገቡ በጊዜው የነበረውን ፍርሃት የሚያፈርስ ነበር። መጠኑ ተለክቶ፣ ሰዓቱ ተጠብቆ ሞርፊን የተሰጠው ሕመምተኛ አእምሮው ሳይደነዝዝና የሱስ ባሪያ ሳይሆን ከቤተሰቡ ጋር መጨዋወት ይችል ነበር።

ሁለተኛው ግኝታቸው የመጣው ከማዳመጥ ነው። አንዲት ሕመምተኛ ስለ ሥቃይዋ ሲጠይቋት ከጀርባዋ ጀምራ፣ መላ ሰውነቷ እንደተበላሸ ተናግራ፣ ባሏና ልጇ ከሥራ ቀርተው ደመወዝ እንደሚያጡባት ወደ መጨነቅ ተሻገረች። ሳንደርስ ከእንዲህ ያሉ ንግግሮች በመነሣት በ1960ዎቹ «ሁለንተናዊ ሥቃይ» ልንለው የምንችለውን ጽንሰ አሳብ አቀረቡ። የሚሞት ሰው ሥቃይ አካላዊ፣ ሥነ ልቡናዊ፣ ማኅበራዊና መንፈሳዊ ገጽታዎች አሉት፤ አንዱን ነጥሎ ማከም አይበቃም። ልብ በሉ፤ ሴትዮዋ ካነሣችው ጭንቀት ውስጥ አንዱ የቤተሰቧ ነው። ስለዚህ የሆስፒስ ተገልጋይ ሕመምተኛው ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡም ጭምር ነው። ይህ እንክብካቤ ሞትን አያፋጥንም፣ አያዘገይምም። ሳንደርስም ሕይወትን ሆን ብሎ ማሳጠርን እስከ መጨረሻው ተቃውመዋል።

በ1967 የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን ተከፈተ፤ እንክብካቤን፣ ማስተማርንና ምርምርን በአንድ ጣሪያ ሥር ያጣመረ ተቋም ነበር። ሆኖም ከተከፈተ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1969፣ ነርሶቹን ወደ ሕሙማን ቤት መላክ ጀመረ። የሚሞተው ሰው ቤቱን ይፈልጋል፤ ቤተሰቡም ቢታገዝ ሊያስታምመው ይችላልና። በ1970ዎቹ ደግሞ በዚሁ ተቋም ሐኪሙ ሮበርት ትዋይክሮስ ባካሄዱት ምርምር፣ ብሪታንያ ውስጥ ለሕሙማን ይሰጥ የነበረው ሄሮይን በአፍ ከሚወሰድ ሞርፊን የሚበልጥበት ነገር እንደሌለ ታወቀ። ውጤቱ ተራ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ሰፊ ነው። ሄሮይንን በሕግ የከለከሉ አገሮች ሁሉ ያለ እርሱ ሥራውን መጀመር እንደሚችሉ አረጋገጠ።

አሳቡ ወደ ሌሎች አገሮች ሲሻገር መልኩን ለዋወጠ። በ1963 ሳንደርስ በዬል ዩኒቨርሲቲ ያደረጉትን ንግግር ያዳመጡት የነርስነት ትምህርት ቤቱ ዲን ፍሎረንስ ዋልድ ሥራውን ወደ አሜሪካ አመጡት፤ በ1974 በኮነቲከት የተጀመረውም በቤት ለቤት አገልግሎት ነበር። በካናዳ፣ በሞንትሪያል፣ ቀዶ ሐኪሙ ባልፎር ማውንት በ1975 በሆስፒታል ውስጥ ተመሳሳይ ክፍል ሲከፍቱ ሌላ ስም መፈለግ ነበረባቸው፤ በፈረንሳይኛ ሆስፒስ ማለት የጧሪ አልባዎች መጠለያ ነበርና። «ፓሊየቲቭ ኬር»፣ በእኛ አነጋገር የማስታገሻ ሕክምና፣ የሚለው ስያሜ ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ።

የአሜሪካ መንግሥት በ1982 ባወጣው ሕግ ሜዲኬር ለተባለው የአረጋውያን የጤና መድን የሆስፒስ ክፍያን ጨመረ። ሕጉ ከሞት በኋላ ቤተሰቡን ማጽናናትን የአገልግሎቱ አካል ማድረጉ ትልቅ ድል ነበር። በሌላ በኩል ሐኪሞች ከ6 ወር ያልበለጠ ዕድሜ እንደቀረው እንዲመሰክሩ፣ ሕመምተኛውም በሽታውን ለመፈወስ የሚደረገውን ሕክምና እንዲተው ጠየቀ። በዚህም ምክንያት ቃሉ በብዙ ቤተሰቦች ጆሮ ተስፋ የመቁረጥ ውሳኔ ሆኖ ይሰማል፤ ብዙዎችም አገልግሎቱን የሚጠይቁት በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከዚህ ቃል ጋር የሚገናኙት በዚሁ መልኩ ሊሆን ይችላል።

ወደ አህጉራችን እንመለስ። በዚምባብዌ በ1979 የተመሠረተው አይላንድ ሆስፒስ ከሰሐራ በስተደቡብ ካሉት የመጀመሪያው ነው። በ1986 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ሥቃይን በአፍ በሚወሰድ መድኃኒት፣ በሰዓቱና ደረጃ በደረጃ ማስታገስ እንደሚቻል መመሪያ አወጣ። ይህን ከሁሉ በላይ በተግባር ያሳየችው ኡጋንዳ ናት። ሐኪሟ አን ሜሪማን በ1993 ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን ሲመሠርቱ ትልቅ ሕንፃ ለመሥራት አልተነሡም። የሞርፊን ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ፣ በጠርሙስ ተሞልቶ፣ በአነስተኛ ወጪ ለቤተሰቡ ይሰጣል፤ አስታማሚዋ ትለካለች፣ ነርሷ ትከታተላለች። ሐኪም በማይገኝበት ገጠር ይህ እንዲሠራ የኡጋንዳ መንግሥት በ2004 በልዩ ሁኔታ የሠለጠኑ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቀደ። ሀብታም ያልሆነች አገር ሕግ በማሻሻል ያገኘችው ውጤት ነው።

ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ሰዎች የማስታገሻ ሕክምና እንደሚያሻቸው፣ የሚያገኙትም 14 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ይገምታል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም በየዓመቱ ከሚከፋፈለው ሞርፊንና መሰል የሥቃይ ማስታገሻ 298.5 ቶን ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ነው።

በኢትዮጵያ ሆስፒስ ኢትዮጵያ በ2003 በአዲስ አበባ ተመሥርቶ ሕሙማንን በየቤታቸው ያገለግላል፤ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2016 ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። መንገዱ ተጀምሯል ማለት ነው። እኔ ግን ከተቋማቱ ይልቅ ስለ ራሳችን ልማድ ጥቂት ልበል።

የእኛ ኅብረተሰብ በሞት ዙሪያ ደካማ አይደለም። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ይመጣል፣ ጎረቤት ምግብ ያቀርባል፣ ለቀስተኛው ሐዘንተኛውን ብቻውን አይተወውም። ይህ ሁሉ ግን የሚደርሰው ከቀብር ጋር ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት አንዲት ሚስት ወይም አንዲት ልጅ ብቻዋን ታገላብጣለች፣ ብቻዋን ታጥባለች፣ ብቻዋን ታድራለች። ጠያቂ ይመጣል፤ «እግዜር ይማርህ» ብሎ፣ ብርቱካኑን አስቀምጦ ይሄዳል። በኤችአይቪ ዘመን በአዲስ አበባ የነበሩ አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር አልፈው በሕይወት ያሉ ሕሙማንን መርዳት ጀምረው ነበር። ስለዚህ ነገሩ ለባህላችን እንግዳ አይደለም።

ሁለተኛው ልማድ ዝምታ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ በሽታው ጽኑ ሲሆን ግን ከታማሚው የምንደብቀው እኛ ነን። ሐኪሙ ለልጆቹ ይነግራል፣ ልጆቹ አባታቸውን «ቀላል ነው፣ ይሻልሃል» ይሉታል፣ አባትየው አውቆ እንዳላወቀ ይሆናል። ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አልክድም። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ኑዛዜ ሳይደረግ፣ የተቀያየሙት ሳይታረቁ፣ የሚባረከው ልጅ ሳይባረክ ጊዜው ያልፋል። መርዶ የማርዳት ሥርዓታችን ክፉ ወሬ ብቻውን ላለ ሰው እንደማይነገር፣ በቅርብ ሰዎች መካከልና በተመረጠ ሰዓት እንደሚነገር ያስተምራል። ይህ ጥበብ ለቀሪው ዘመድ ብቻ የሚቀመጥበት ምክንያት አይታየኝም። ሕመምተኛው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ በእርጋታ ተጠይቆ፣ በሚወዳቸው ሰዎች መካከል የፈለገውን ያህል እውነት መስማት ይችላል።

ክቡራትና ክቡራን፤ ዣን ጋርኒዬ የጀመሩት ከባልቴቶች ጋር ነው፣ ሳንደርስ ከአንድ ስደተኛ ኑዛዜ፣ ሜሪማን ከአንድ ጠርሙስ መድኃኒት። ትልቅ ሕንፃ እስኪሠራ የጠበቀ የለም። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ነገ ሞርፊን የሚያዝ ሐኪም፣ ማዘዣውን የሚወስን የሕግ ባለሙያ፣ የዕድር ዳኛ የሚሆንም ይኖራል። ለሁላችሁም የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ለሟች ቤተሰብ የምንተክለው ድንኳን፣ ሰውየው ገና በሕይወት ሳለ ለአስታማሚው ጥላ ሊሆን የሚችለው በምን መንገድ ነው?

መድረኩ ለጥያቄና ለውይይት ክፍት ነው።