ስለ ነዳጅ ማደያ ሰሌዳዎች

አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ያመጣውም እንግሊዛዊው ቤንትሊ ነው። መኪናውን ቤንዚን ተከተለው፤ ቤንዚኑንም የሻጩን ስም የሚያስታውቅ ሰሌዳ ተከተለው። ዛሬ በአውሮጳና በአሜሪካ ይህን ሰሌዳ እንደ ጥንት ብራና የሚሰበስቡ፥ ስለ አንዱም ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉ ሰዎች አሉ።

የቀድሞው ሰሌዳ ሥራው አበባ እንደ ተሣለበት የብረት ሳሕን ነው። በዝርግ ብረት ላይ የመስተዋት ዱቄት በየቀለሙ ይነሰነስና በ800 ዲግሪ ገደማ እሳት ይተኰሳል፤ ዱቄቱም ቀልጦ ከብረቱ ጋራ ይዋሐዳል። ስለዚህ ፀሓይ አያደበዝዘውም፤ ነገር ግን ድንጋይ ቢያገኘው ይፈነጠራል፥ በተፈነጠረበትም ዝገት ይገባል። ዐዲሱን አሮጌ አስመስለው የሚሸጡ አታላዮች ስላሉ፥ ብልኅ ሰብሳቢ አስቀድሞ የምስማሩን ቀዳዳ ይመረምራል።

ሥዕሉ ፊደል ለማያውቅ ሰው ፊደል ነበረ። የሼል ምልክት የባሕር ቅርፊት የኾነው የመሥራቹ የማርቆስ ሳሙኤል አባት በለንደን የቅርፊት ነጋዴ ስለ ነበረ ነው። የሞቢል ክንፋም ቀይ ፈረስ ከግሪኮች ተረት የተወሰደ ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ለለመደ ዓይን እንግዳ ባይመስልም፥ የኛው ፈረስ ነጭ ነው። የአጂፕ ውሻ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1952 በውድድር ተመረጠ፤ እሳት ይተፋል፥ እግሩም ስድስት ነው፤ አራቱ የመኪናው መንኰራኵሮች፥ ኹለቱ የነጂው እግሮች ናቸው ይባላል።

እነዚህ ኹሉ በኢትዮጵያ ጐዳናዎች ቆመው ነበረ። የሞቢል ማደያዎች ለቶታል ተላለፉ፤ የሼልም በ2008 ኦይል ሊቢያ ተባሉ፥ ኋላም ኦላ። ማደያው ግን ለሰፈር ስም ያወርሳል፤ በአዲስ አበባ ቶታል ሦስት ቁጥር ማዞሪያ የሚባለው ለዚህ ምስክር ነው። በአሥመራ በ1938 የተሠራው ፊያት ታልዬሮ፥ ያለ ምሰሶ የተዘረጉ ክንፎቹን ይዞ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ከተማይቱም በ2017 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። ሕንፃን ተሸክሞ የሚኼድ የለም። ሰሌዳ ግን ቀላል ነው፤ ማደያ ስሙን በለወጠ ቍጥር አንዱ እንኳ ለቤተ መዘክር ቢሰጥ ወጪው ከማውረጃው መሰላል አይበልጥም። በመርካቶ ምን አለሽ ተራ አሮጌ ብረት በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ምድጃ ይኾናል፤ ቀጥቃጩም የሚመዝነው የብረቱን ውፍረት እንጂ የፈረሱን ክንፍ አይደለም።