የመኪናችሁ ሆድ ምን ይልበስ? ላሜራ፣ አልሙኒየም ወይስ ፕላስቲክ

ኮረኮንች መንገድ ላይ ስትነዱ ከሥር "ጓ!" ብሎ አስደንግጧችሁ ያውቃል? እዚያ ሥር ውድ ዕቃ ብዙ ነው። የሞተር ዘይት የሚጠራቀምበት ገንዳ አለ፣ ካምቢዮ አለ፣ ራዲያተር አለ። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ ባትሪው ራሱ አለ። የዘይት ገንዳው ተሰንጥቆ ዘይቱ ከፈሰሰ፣ ሾፌሩም የዘይት መብራት በርቶ እያየ መንዳቱን ከቀጠለ፣ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ሊነክስ ይችላል።

ለዚህ ነው ብዙ ሰው ጋራዥ ሄዶ ከሥር መከላከያ የሚያሳስረው። አብዛኛው ሰው ታዲያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "ወፍራም ነው ወይ?" ውፍረት ብቻውን ግን ብዙ አይነግራችሁም። ከምን እንደተሠራ፣ የት እንደምትነዱና ምን ላይ እንደሚታሰርም ማወቅ አለባችሁ።

📌 ከፋብሪካ የመጣው አይበቃም?

ብዙ የቤት መኪኖች ከሥራቸው ስስ ጥቁር ፕላስቲክ ይዘው ይመጣሉ። ሥራው ጭቃና ውሃ መከላከል፣ ድምፅ መቀነስና አየር ከሥር በደንብ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ድንጋይ እንዲቋቋም ታስቦ የተሠራ አይደለም። ለአስፋልት ይበቃል፣ ለኮረኮንች ግን አይበቃም።

📌 የብረት ላሜራ

በዋጋ ረከስ ይላል፣ በየጋራዡም ይሠራል። ቢጣመም በመዶሻ ይቃናል፣ ቢቀደድ ይበየዳል። ጠንካራ ስለሆነ ድንጋይ ላይ ሲሄድ ይንሸራተታል እንጂ በቀላሉ አይያዝም።

ችግሩ ክብደትና ዝገት ነው። 1 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ የ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ 12 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ውፍረቱን 3 ሚሊ ሜትር ካደረጋችሁት ወደ 19 ኪሎ ይጠጋል። ይህ ሁሉ የሚንጠለጠለው በአብዛኛው ከፊት ነው። በተጨማሪም ድንጋይ ቀለሙን በጫረበት ቦታ ዝገት ይጀምራል። ስቴንለስ ብረት በቀላሉ አይዝግም፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

📌 አልሙኒየም

በተመሳሳይ ውፍረት ክብደቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ውፍረቱን ጨምራችሁም ቀላል ሆኖ ይቀራል። ከላይ ባልነው ስፋት የ4 ሚሊ ሜትር አልሙኒየም 8 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ከ2 ሚሊ ሜትሩ ላሜራ ይቀላል፣ ለመታጠፍ ደግሞ ከ2 እጥፍ በላይ ያስቸግራል። ምክንያቱም የአንድ ሳህን ውፍረት በ2 እጥፍ ሲያድግ መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ በ8 እጥፍ ይጨምራል።

ጉድለቱስ? አልሙኒየም ለስላሳ ነው፣ ስለታም ድንጋይ ይቆፍረዋል። ቢሰነጠቅም እንደ ተራ ላሜራ ያገኘ ሁሉ አይበይደውም፣ ለብቻው መሣሪያና ሙያ ይፈልጋል። ከብረት ቡሎን ጋር በቀጥታ ተነካክቶ ውሃ ወይም ጨው ካገኘው ደግሞ አልሙኒየሙ ይበላል። መሀሉ ላይ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ሮንዴላ ማስገባት ይረዳል።

📌 ወፍራም ፕላስቲክና ፋይበር

ከመንገድ ውጪ የሚነዱ ሰዎች የሚመርጡት ወፍራምና ጠንካራ የፖሊኢትሊን ፕላስቲክ አለ። ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል፣ አይዝግም፣ ተመትቶም ወደ ቅርፁ ይመለሳል። ሙቀት ግን ያለሰልሰዋል፣ ስለዚህ ከማርሚታና ከጭስ መውጫ ቱቦ መራቅ አለበት። ብቻውን ስለሚለመጥም ከጀርባው የሚደግፈው ብረት ያስፈልገዋል።

ከካርቦንና ከኬቭላር ፋይበር የሚሠሩት ደግሞ በራሊ ውድድር መኪኖች ላይ የሚታዩ ናቸው። ቀላልና ጠንካራ ናቸው፣ ግን ውድ ናቸው። አንዴ ከተሰበሩም በመዶሻ አይቃኑም።

📌 ኤሌክትሪክ መኪና ከያዛችሁ ይህን አትዝለሉት

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና የሚይዘው ሰው በዝቷል። በእነዚህ መኪኖች ላይ ወለሉን ሞልቶ የተኛው ባትሪ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ 2 የቴስላ ሞዴል ኤስ መኪኖች መንገድ ላይ የወደቀ ብረት ከሥር መታቸውና ባትሪያቸው በእሳት ተያያዘ። ሾፌሮቹ በሰላም ወጡ። ኩባንያው በ2014 ሦስት ነገር ጨመረ። አንደኛው የሚመጣውን ነገር የሚገፋ ክፍት የአልሙኒየም ዘንግ ነው። ሁለተኛው ከባዱን ምት የሚቋቋም የታይታኒየም ሳህን፣ ሦስተኛው ደግሞ የተረፈውን ኃይል የሚውጥና መኪናውን በዕቃው ላይ የሚያሻግር ድፍን አልሙኒየም ነው። ይህ ሁሉ ተጨምሮ መኪናው በአንድ ቻርጅ ከሚሄደው ርቀት የቀነሰው 0.1 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆነ ኩባንያው ገልጿል። ሁሉንም ሥራ አንድ ወፍራም ሳህን ላይ አልጣሉትም።

እናንተም ስታሳስሩ፦

• የባትሪውን ሣጥን ማንም እንዳይበሳው። የሚታሰረው ፋብሪካው ባዘጋጃቸው ቀዳዳዎች ላይ ብቻ ነው።
• መኪናው ላይ ብየዳ አይሠራ። ተበይዶ የሚያልቀው ውጪ ነው፣ መኪናው ላይ በቡሎን ይታሰራል።
• በመከላከያውና በባትሪው መካከል ክፍተት ይኑር። ከሌለ ሳህኑ ሲጎድጉድ ምቱ በቀጥታ ወደ ባትሪው ይደርሳል።
• የመኪናው ዋስትና እንደማይቋረጥ ከሻጩ አረጋግጡ።

ባትሪው በኃይል ከተመታ ምንም ባይታይም መኪናውን አስነስታችሁ ሥሩን አስዩ። ጭስ፣ እንግዳ ሽታ ወይም የማስጠንቀቂያ መብራት ካያችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ሁላችሁም ውረዱ፣ ራቅ በሉና እሳት አደጋ ጥሩ።

📌 ብር ከመክፈላችሁ በፊት ጋራዡን ጠይቁ

1. የሚታሰረው ጠንካራው ሻንሲ ላይ ነው ወይስ ስስ ፕላስቲክ ላይ?
2. የዘይት መቀየሪያ ቀዳዳ አለው? ከሌለው በየሰርቪሱ ሙሉውን መፍታት ነው።
3. አየር ማስገቢያ ተተውቶለታል? ሙሉ በሙሉ ከተደፈነ ሞተሩና ካምቢዮው ይሞቃሉ።
4. መኪናው ከመሬት ያለውን ከፍታ በስንት ይቀንሰዋል? ብዙ ዝቅ ካለ ድሮ ያልነካችሁትን የፍጥነት መቀነሻ መንካት ትጀምራላችሁ።
5. የቡሎኑ ራስ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው? ወደ ታች ከወጣ ድንጋይ ይገጨዋል፣ ከዚያ በኋላ መፍታት ፈተና ነው።

ባጭሩ፣ ከአስፋልት የማትወጡ ከሆነ የፋብሪካውን ፕላስቲክ በሙሉ ቡሎኑ ጠብቁ። ክፍለ ሀገር ኮረኮንች ለሚመላለስ የነዳጅ መኪና፣ ሲጎዳ በየትኛውም ከተማ የሚጠገነው በደንብ የተቀባ ላሜራ ያዋጣል። ክብደት የሚያሳስባችሁ ከሆነ ወፍራም አልሙኒየም ይሻላል። ለኤሌክትሪክ መኪና ለዚያው ሞዴል ተለክቶ የተሠራውን ፈልጉ።

ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ አስፈትታችሁ ጭቃውን አሳጥቡ፣ ቡሎኑን አስጠብቁ። በቅርብ መኪና የገዛ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።