አጎቴ ያደጉበት ዜማ

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ምእት ዓመት በግዕዝ፥ በዕዝልና በዓራራይ የደረሰው ዜማ በየአገሩ መምህራን አፍ ቤተ ልሔም፥ ቆማ፥ አጫብርና ተጉለት ተብሎ እንደ ተለየ የታወቀ ነው። ደብራችንን በመሪጌትነት ያገለገሉት የእናቴ ወንድም ያደጉት በአጫብሩ ነበር።

በልጅነታቸው ቀን ቁራሽ ለምነው፥ ሌሊት መብራት በሌለበት ጎጆ መምህሩ ሃሌታውን ሲመሩ በጆሯቸው ብቻ እየተቀበሉ ያጠኑ እንደ ነበረ ይነግሩኝ ነበር። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1533–1551 ዓ.ም.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሠሩት ምልክት በድጓው ላይ አለ፤ እርሳቸው ግን «ምልክት ለሚያውቅ ያስታውሳል እንጂ ለማያውቅ አያስተምርም» ይሉ ነበር።

በደብራችን ማኅሌቱ የሚቆመው በቤተ ልሔም ስለ ሆነ እርሳቸውም ከማኅበሩ ጋራ በዚያው ያዜሙ ነበር። የቤተ ልሔሙ መስፋት ለአንድነት እንደ ጠቀመ አልክድም። ነገር ግን ማኅሌቱ ሲፈጸም ለብቻቸው ተቀምጠው፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የልጅነታቸውን ያዜማሉ። ስለ ምን ለደቀ መዛሙርቱ አያስተምሩትም ብላቸው፥ «ተቀባይ የሌለው መሪ ምን ይመራል?» አሉኝ።

በእጃቸው የጻፉት ድጓ ዛሬ በዕቃ ቤታችን አለ፤ በአጫብር የሚያዜመው ግን ከመካከላችን አልተገኘም።