ሻብሊ፦ ስሙ ሲገን መሬቱ የመነመነ ወይን

(ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ሱፐርማርኬት ገብቶ «ሻብሊ» ቢል፣ ካሊፎርኒያ የተጠመቀ ርካሽ ነጭ ወይን በትልቅ ጠርሙስ ያገኝ ነበር። ሮዝ ቀለም ያለው «ሻብሊ» እንኳ ይሸጥ ነበር! በዚያው ዘመን የስሙ ባለቤት፣ ማለትም ፈረንሳይ ውስጥ ያለችው ትንሿ ሻብሊ፣ ከመጥፋት ለጥቂት ተርፋ ገና ማገገሟ ነበር። ስሟ ዓለምን ሲዞር እሷ ልትሞት ነበር ማለት ነው።

እስቲ መጀመሪያ ከጣዕሙ እንነሳ። ሻብሊ የቡርጎኝ አካል ናት፤ ግን ከቀሪው ቡርጎኝ ተነጥላ ወደ ሰሜን፣ ከፓሪስ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ሰረን የሚባል ወንዝ ዳር ትገኛለች። ወይኗ የሚሠራው ሻርዶኔ ከተባለው የወይን ዘር ብቻ ነው። ሻርዶኔ ደግሞ እንደ ሄደበት አገር የሚሆን ፍሬ ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ሜርሶ መንደር ብትቀምሱት፣ በኦክ በርሜል ከርሞ ቅቤ ቅቤ የሚል፣ ወፈር ያለ ወይን ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሻብሊ ላይ ያው ፍሬ ኮስታራ ነው። ጣፋጭነት የለውም፤ እንደ ሎሚና እንደ አረንጓዴ ፖም ምላስ ቆንጠጥ ያደርጋል። የሚወዱት ሰዎች የእርጥብ ድንጋይ ሽታ አለው ይላሉ። የእንጨቱ ሽታ እንዳይጫነውም ብዙዎቹ ጠማቂዎች በብረት ጋን ያብላሉታል።

ለዚህ ጠባዩ ትልቁ ምክንያት ብርዱ ነው፤ ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚበስል ኮምጣጣነቱን አይለቅም። መሬቱም የራሱ ታሪክ አለው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባህር ስለነበረ፣ ነጣ ባለው የኖራ ድንጋይ ውስጥ ዛሬም የጥቃቅን ኦይስተሮች ቅርፊት ይገኛል። ፈረንሳዮች ሻብሊን ከኦይስተር ጋር መጠጣት መውደዳቸው እንግዲህ ደስ የሚል ግጥጥሞሽ ነው።

እዚያ ወይን በመትከል ስማቸው የሚነሳው በ1114 የተመሠረተው የፖንቲኚ ገዳም መነኮሳት ናቸው። ኋላ የአካባቢው ወይን በዮን ወንዝ በጀልባ እየተጫነ ፓሪስን ያጠጣ ጀመር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዮን አውራጃ 40,000 ሄክታር ገደማ የወይን እርሻ ነበር።

ከዚያ መከራው ተከታተለ። በ1850ዎቹ የባቡር ሐዲዱ ፀሐያማውን ደቡብ ከፓሪስ ጋር ሲያገናኝ፣ ርካሽ ወይን በገፍ ገባ። በ1880ዎቹ መጨረሻ ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ ሥሩን በላው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ገበሬውን ወሰደ። በ1945 ጸደይ ውርጩ የዓመቱን ምርት ጠራርጎ ወሰደው። በ1950ዎቹ ሻብሊ ላይ የቀረው ወይን 500 ሄክታር ገደማ ብቻ ነበር።

ፈረንሳይ ስሙን በ1938 በሕግ አጥራለታለች፤ የፈረንሳይ ሕግ ግን አትላንቲክን አይሻገርም። አሜሪካ ውስጥ «ሻብሊ» የቦታ ስም መሆኑ ቀርቶ የወይን ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ተቆጠረ። በ2006 አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት ሲስማሙም የተከለከለው አዲስ ገቢ ብቻ ነው፤ የቀድሞዎቹ ስሙን እንደያዙ እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው።

ይሄ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ፈረንሳዩ ካስቴል ያንኑ ሻርዶኔ ዝዋይ አካባቢ ተክሎ በ2014 ወይኑን ገበያ ሲያወጣ፣ የሰጠው ስም «ሪፍት ቫሊ» ነው። ፍሬው ከፈረንሳይ ቢመጣም ስሙ ከበቀለበት ምድር ተወሰደ። ትክክሉም ይኼው ነው።

የሻብሊ ገበሬዎች ግን ተስፋ አልቆረጡም። በውርጭ ሌሊት በወይኑ መሀል እሳት ያነዳሉ፤ ወይም ውሃ ይረጫሉ። ውሃው እምቡጡ ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገርና ከባሰው ቅዝቃዜ ይከላከለዋል። በዚህም በዚያም ብለው እርሻቸውን ዛሬ ከ5,000 ሄክታር በላይ አድርሰውታል።

አሁን ደግሞ አዲስ ፈተና መጥቷል፤ ዓለም እየሞቀች ነው። እምቡጡ ቀድሞ ይወጣል፤ እንደ ሚያዝያ 2021 ያለ ውርጭ ድንገት ይመጣና ያቃጥለዋል። በጋው ሲሞቅ ደግሞ ፍሬው ቶሎ ይበስልና ያ ኮስታራ ጣዕም ይለዝባል። የተወሰደ ስምን በድርድር ማስመለስ ይቻል ይሆናል። ብርድን ግን ከማን ጋር ተደራድረው ያስመልሱታል?